ከጉና ወርደን የጠጣነው የጉልበት ዱቄት

ከጉና ግርጌ ልንወርድ በዋዜማው ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተን መጣ። ሊሰናበተን ልበል እንጂ፣ ማድጋችንን ማን እንደሚወስደው ለማየት ነው የመጣው። ውርጭ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ገብሳችንን ስለበላው አባዬ «ፎገራ ሜዳ፣ ወረታ እንውረድ፤ እዚያ ካሚዮን የሚጭን ሰው ይፈለጋል» ብሎ ቆርጦ ነበር። እማዬ አላለቀሰችም። በሶ ስትቋጥር አመሸች። ገብሱን የፈተገችውም የቆላችውም እሷ፣ የፈጨሁት እኔ፤ ስለዚህ በዚያ ስልቻ ውስጥ ምን እንዳለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ብርቄ የአክስቴ ልጅ፣ እናንተም ልትወርዱ ነው ሲሉ ሰምቻለሁና ይህን ነገር ልብ በይልኝ።

ቀድሞን የወረደው አጎታችን «አገሩ እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለበትም፤ ጉልበት አይፈጅም» ብሎ ልኮብን አልነበር? እውነቱን ነው። ዳገት የለም። ዳገት ስለሌለ የክረምቱ ውሃ መሄጃ አጥቶ ከሰው ጋር ይከርማል። በኛ አገር ሌሊት ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን፤ እዚህ ገልጠሽም ያልብሻል። ትንኝ የሚባል ነገር አላውቅ ነበርና መጀመሪያ ሰሞን በጆሮዬ ስትዘፍን ደስ ብሎኝ ነበር። የጤፍ እንጀራቸውም ቀጭን ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ታይበታለሽ። የኛ የገብስ ቂጣ ግን ቢያንስ ሲወድቅ ይሰማል።

ቤት ያከራዩን እትዬ ስንዱ ይባላሉ። በመንገዱ ዳር ሱቅ አላቸው፤ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለኛ ሰጥተው ማድቤቱን አብረን እንጠቀም አሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ውሃው መደባችን ሥር ሲገባ አባዬ ሄዶ አቤት አለ።

«እናንተ ደገኞች ምስጋና አታውቁም» አሉት። «አገራችሁ ሴቱ ገደል ወርዶ ነው ውሃ የሚቀዳ። እዚህ ይኸው ራሱ ቤታችሁ ድረስ መጣላችሁ።»

አባዬ አመስግኖ ተመለሰ።

እኔ ግን አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኛል። ትምህርት ቤት ገባሁ። ከኔ ራስ በታች ከሆኑ ሕፃናት ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርሁ፤ አሁን ይኸው ማንንም ሳልለምን በገዛ እጄ እጽፍልሻለሁ። እጄ ከጀመረ አያቆም፤ ስለዚህ ታገሺኝ።

ክረምቱ ሲወጣ እማዬን ንዳድ ያዛት። ሲለቃት አጥንቷ ብቻ ቀረ። እትዬ ስንዱ አዘኑላትና ከሱቃቸው አንድ ጣሳ አወረዱ። ወፍራም ሕፃን የተሳለበት፣ የፈረንጅ ጽሕፈት ያለበት ጣሳ ነው። ውስጡ አረንጓዴ የነካካው ዱቄት። «ቪታሚን ይባላል» አሉ። «ዱቄቱ ለጉልበት፣ አረንጓዴው ለደም።» ጽሕፈቱን ማንበብ የሚችል አልነበረም፤ ሕፃኑ ግን ወፍሯል። አመንን።

እማዬ እንጀራ አልወርድ ስላላት ጠዋትም ማታም ያንኑ እንደ አጥሚት እያፈላች ትጠጣ ጀመር። እዚህ ላይ የእትዬ ስንዱን ጨዋነት ልንገርሽ። እማዬ ድስቱን በጣደች ቁጥር ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ማድቤቱን ለቀውላት ይወጡ ነበር። እኔም በመጀመሪያው ደብዳቤዬ «የፎገራ ሰው እንግዳ ምድጃ ላይ ሲሆን አይጋፋም» ብዬ አመስግኛቸው ነበር። ያንን መስመር ሰርዢልኝ።

ከአጥራችን ሥር ገመድ የሚገምዱ ጋሼ አንለይ የሚባሉ ጎረቤት አሉ። በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄዱ፤ ጉልበታቸው እርስ በርሱ እየተጋጨ፣ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ። አንድ ማታ እትዬ ስንዱ ከነልጆቻቸው ሲወጡ አይተው «ውስጥ ጓያ ተጥዷል እንዴ?» አሉኝ።

ጓያ በኛ አገር አይበቅልም። አተር የሚመስል እህል ነው፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ በጥቁሩ አፈር ይዘሩታል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። ታዲያ እንፋሎቱ ላብ ያለበትን ሰው ካገኘው እግሩን ይሰብራል ብለው ስለሚፈሩ፣ ሲፈላ ቤተሰቡ ሁሉ ሜዳ ይወጣል። ይህን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው።

«እርስዎንም የሰበረዎ እንፋሎቱ ነው?» አልኋቸው።

«እኔማ እናቴ ጓያ በጣደች ቁጥር ሜዳ ላይ ነበርሁ» አሉ ገመዱን ሳይለቁ። «ሲበስል እየተጠራሁ ገብቼ እበላ ነበር እንጂ።»

እሳቸው ሳቁ። በደህናው ዘመን ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ደፍተው፣ ከጤፍ ቀላቅለው ሲበሉት ምንም እንዳላላቸው፣ አንበጣ በመጣበት ዓመት ግን ለወራት እሱን ብቻ እንደበሉና አንድ ጠዋት በሬ ጠምደው መራመድ እንዳቃታቸው ነገሩኝ። እኔ የማስበው እማዬን ነበር። ሰሞኑን «ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ» ትል ነበር።

ሮጬ ሱቁ ገባሁ።

«እትዬ፣ ያ ዱቄት ምንድን ነው?»

«ቪታሚን ነው አልሁሽ።»

«ቪታሚኑ ሲፈላ ለምን ይወጣሉ?»

«ላብ ስላለብኝ ነዋ።»

«ልጆቹስ?»

«እነሱም ላብ አለባቸው።»

«ታዲያ እናቴን ለምን ውጪ አላሏትም?»

«የደጋ ሰው ያልበዋል እንዴ?» አሉኝ፤ የምራቸውን ነው። ደግሞም አልደበቁኝም። ጣሳው በካሚዮን ሲመጣ የዱቄት ወተት ሞልቶት ነበር፤ ወተቱ አለቀ፤ ሰው ግን ጣሳውን እያየ መጠየቁን አልተወም። «ታዲያ ምን ላርግ፣ ባዶ ጣሳ ልሽጥ?» አረንጓዴው ምንድን ነው ብላቸው የደረቀ የጓያ ቅጠል ነው አሉኝ፤ ከዘመዱ እንዳይለይ።

እኔ ፊደል ቆጥሬያለሁና ብልኃት አላጣሁም። አጥሚቱን አብርጄ፣ እማዬ ባለችበት በኩባያ አቀረብሁላቸው። እምቢ ይሉና እማዬ ትነቃለች ብዬ ነው። እትዬ ስንዱ ኩባያውን አዩት፣ እንፋሎት እንደሌለው አረጋገጡ፣ ግጥም አድርገው ጠጡት። አፋቸውንም ጠረጉ።

«አየሽ» አለችኝ እማዬ። «አንቺ ተማርሁ ብለሽ የሰው ስም ታጠፊያለሽ።»

ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። ጸሐፊው በትሕትና ሰማኝና «ምግብ ነው መድኃኒት?» አለኝ። ለጉልበት ነው ስለው «ለጉልበት ከሆነ መድኃኒት ነው፤ ወደ ክሊኒኩ ድሬሰር» አለኝ። ድሬሰሩ ጣሳውን አሸተተና «ይህማ ዱቄት ነው፤ ዱቄት ምግብ ነው፤ ወደ ማዘጋጃ ቤት» አለኝ። እግር ቢሰብርስ አልሁት። «ሲሰብር አምጫት» አለኝ። እንዴት ያለ የተደራጀ አገር ነው!

አንድ ጠዋት እማዬ ከምድጃው ሥር ቁጢጥ ብላ ድስቱን ልታወርድ ስትል መነሳት አቃታት። ጉልበቶቿ እርስ በርስ ተጋጩ። አባዬ ደግፎ አቆማት። ያን ቀን ጣሳውን ማንም ሳይነግራት ከነዱቄቱ ውጪ ደፋችው። እኔንም ቀና ብላ ማየት አቃታት።

እትዬ ስንዱ «ንዳዱ ነው» አሉ። የጣሳዎቹ ሥዕል እየተላጠ ስለነበር በሱቁ በር የሚሰቀል ጽሑፍ አማራቸው፤ ከግቢው ደግሞ የምጽፍ እኔ ብቻ። ጣውላና ቀለም ሰጡኝ። «የጉልበት ዱቄት ብለሽ አሳምረሽ ጻፊ።» አሳመርሁት። «ጓያ። ያልተዘፈዘፈ። እንፋሎቱን ሳይሆን ዱቄቱን ፍሩ» ብዬ ጻፍሁ። እትዬ ስንዱ ፊደል ስለማያውቁ በመስመሩ ማማር ተደንቀው በገበያ ቀን በገዛ እጃቸው ሰቀሉት። አንድ ቄስ ቆመው ጮክ ብለው እስኪያነቡት ድረስ ላላፊ ላግዳሚው «የኔ ተከራይ ልጅ ናት የጻፈችው» ይሉ ነበር።

በነጋታው ቤቱን አስለቀቁን። ዕቃችንን ስናወጣ አጥሩ ሥር ጠበቁኝና ቀስ ብለው «እኔ አንድ ኩባያ ብቻ ነው የጠጣሁ፣ አይደለም?» አሉኝ። «አዎ እትዬ፣ አንድ ኩባያ» አልኋቸው። እማዬ ስንት እንደጠጣች አልጠየቁኝም።

አሁን ያለንበት ቤት ውሃ አይገባበትም። እማዬ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲህ አልባሰባትም፣ አልተሻላትምም። ሜዳውን ትችለዋለች። አጎቴ እውነቱን ነው፤ ይህ አገር ጉልበት ለሌለው ሰው የተመቸ ነው። ብርቄ፣ ስትወርዱ በሶ ያዙ፤ ራሳችሁ የፈጫችሁትን።

ሰማዩ ሲጠራ ጉና ከዚህ በምሥራቅ በኩል ይታያል። እማዬ በየጠዋቱ ወደዚያ ትዞርና ከከተማው ዳር እስካለችው ጉብታ ትሄዳለች፤ እኔ አብሬያት ነኝ። ጉብታዋ ከጉናው ቤታችን ደጅ ካለችው ዳገት ግማሽ አትሆንም። ሥሯ ስንደርስ እማዬ ትቆምና «ዛሬስ ደከመኝ» ትላለች።

«ነገ እንወጣዋለን እማዬ» እላታለሁ። ተመልሰን በሜዳው እንሄዳለን።