የዓርብ ምሳ ሰዓት ጣሪያ ላይ

ሰሞኑን የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሳጸዳ ከማንኪያዎቹ ሥር አንድ አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ አገኘሁ። ዝጓል። ትንሽ ጨበጥ አድርጌው ቆየሁና ወደ ቦታው መለስኩት፤ የብረቱ ሽታ ግን እጄን በሳሙና ታጥቤም መዳፌ ላይ ቀረ። ሽታው ጣሪያ ላይ አወጣኝ። ጣሪያ ላይ ከወጣሁ ደግሞ ቶሎ አልወርድም፤ ታገሺኝ።

ቁልፉ የጓደኛዬ ነው። ያኔ እኔና እሷ አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት እንሠራ ነበር፤ እኔ ጸሐፊ፣ እሷ መዝገብ ቤት። የበርታ ልጅ ናት፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ ነው የለመደችው። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። እናቴንም «አንተ»፣ እኔንም «አንተ»። ማንም አላረማትም፣ እሷም አልታረመችም። ታላቅ ወንድሟ ሱዳን ድንበር ላይ ኩርሙክ ከተማ ዲሽ ይተክል ስለነበር እሱን እያገዘች አደገች፤ ከብሎንና ከኬብል ጋር ያላት ዝምድና ከዚያ የመጣ ነው። ቢሯችን ውስጥ ፕሪንተሩ ወረቀት በነከሰ ቁጥር የሚጠራው እሷ ነበረች። መብራት ሲጠፋ ግን እሷም እንደኛው እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ግድቡ እዚሁ ክልላችን ውስጥ እየተሠራ እኛ በሻማ መዝገብ እንፈልጋለን እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ቤታችን እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት አንዷ ናት። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻለችም፤ ቅዳሴውን የምታገኘው ከቴሌቪዥን ነበር። ቴሌቪዥኑም መኝታ ቤቷ ነው ያለው። ነጠላዋን አጣፍታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ዲያቆኑ «ተነሡ» ሲል የአልጋውን ራስጌ ይዛ ትነሣለች። አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እግዜር ጉልበትሽን ያውቀዋል ብላት፣ «እሱማ ያውቀዋል፤ እኔ ነኝ የምረሳው» ትለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የአማርኛ ጣቢያዎቹ ወደ ሌላ ሳተላይት ተዛወሩና የከተማው ዲሽ ለሁለት ተከፈለ። የሱዳንና የዓረብ ጣቢያ የሚያየው ቤት ዲሹን ወደ ምዕራብ እንዳዞረ ቀረ፤ የአማርኛውን የፈለገ ወደ ምሥራቅ አዞረ። በመንገድ ስታልፊ ጣሪያውን ቀና ብለሽ አይተሽ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚታይ ታውቂ ነበር። የእኛው ዲሽ ግን የቆመበት ብረት ላልቶ ኖሮ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። እናቴ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠብቃ «ዛሬም ኮበለለ» ትለኛለች፤ ስለ ዲሹ ነው።

የሚመልሰው የጓደኛዬ እጅ ነበር። ዓርብ ለጁምዓ ሲባል የቢሮ ምሳ ሰዓት ይረዝማል፤ እሷም ከእኔ ጋር ወደ ቤት ትመጣለች። እናቴ አስቀድማ በጎረቤት ልጅ ጓዳውን አስጠርጋ ምንጣፍ ታስዘረጋላታለች። እዚያ ሶላቷን ትሰግዳለች፣ ያገኘነውን እንበላለን፣ ከዚያ ሻርፗን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ የቀርከሃውን መሰላል ትወጣለች። ቆርቆሮው በዚያ ሰዓት ይፋጃል። ከማንጎው ዛፍ የረገፈው ፍሬ ግቢው ውስጥ ፈንድቶ ሽታው ሞቅ ብሎ ይመጣል፤ በበጋ ደግሞ የሚቃጠለው ሣር ጭስ ይጨመርበታል። እሷ ከላይ፣ እኔ ከውስጥ። ዲሽ ለብቻ አይዞርም፤ ከላይ የሚያዞር፣ ከውስጥ የሚያይ ይፈልጋል።

«መጣ?» ትላለች።

«አልመጣም።»

«አሁንስ?»

«ሽው አለና ሄደ። ትንሽ መልሺው።»

«ትንሽ ስንት ነው? የጣት ነው የእጅ ነው?»

«የጥፍር።»

ጎረቤቱ ሁሉ ይህን እየሰማ ነው ምሳውን የሚበላው። ምስሉ ሲመጣ እናቴ እልል ትላለች፣ ሰፈሩም ያን ጊዜ ያርፋል።

አንድ ቀን መሰላሉ አንድ እግሩ ተሰነጠቀና እኔ ከሥር ለመያዝ ወጣሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለ ሌላ ሰው የለም፤ እናቴን ተከልን። ዐይኗ ደግሞ እንደ ጉልበቷ ነበር። ጓደኛዬ አዞረች፣ አዞረች፤ ከውስጥ ድምፅ የለም። ከዚያ እናቴ «ያዙት! ያዙት! ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ ታየኝ፣ ምንኛ ብዙ ነው!» አለች። ጓደኛዬ ቶሎ ብሎኑን አጠበቀች። ወርደን ስንገባ እናቴ ቆማለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የአልጋውን ራስጌ ይዛ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጓደኛዬ ስክሪኑን አየች፣ ሻርፗን አፏ ላይ ጫነች።

«እማማ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄ መካ ነው።»

እናቴ ጠጋ ብላ አየች። እውነትም ጥቁሩ ካዕባ መሐል ላይ ቆሟል፣ ሰዉ ይዞራል። ዲሹ ወደ ምዕራቡ ተመልሶ ኖሯል። የሚስቅብኝ ካለ እንየው በሚል አስተያየት ሁለታችንንም ዞር ዞር ብላ አየችን።

«ታዲያ እነሱስ ማንን ነው የሚለምኑት?» አለች። «ለምኛለሁ፣ ለምኛለሁ ነው። አሁን የኔን አምጪልኝ።»

ጓደኛዬ እየሳቀች ቆርቆሮው ላይ ተመልሳ ወጣች። እናቴ ያደገችው ክርስቲያኑና እስላሙ ለቅሶም ሰርግም አብሮ በሚውልበት አገር ነው፤ ሲከፋሽ «አብሽሪ» ትላለች። ጓደኛዬ ይህቺን ቃል ከእሷ አፍ በሰማች ቁጥር የራሷን ዘመድ ያገኘች ይመስላት ነበር።

ወሬው በሰፈር ተዳረሰ። የሚጠሩን ሴቶቹ ናቸው። ቴሌቪዥን በብዙ ቤት መኝታ ክፍል ነው ያለው፤ ባልየው ገበያ ወይ እርሻ ውሎ እንግዳ ወንድ መኝታ ድረስ ማስገባት ነውር ነው፤ ስለዚህ ዲሹ እንደተበላሸ ይከርማል። እኛ ሁለት ሴቶች ነን፤ የማንም በር አይዘጋብንም። አንዷ ማንጎ በሰሐን፣ አንዷ ማር በብርጭቆ ታቀርባለች። ልንገርሽ፣ ቢሮ ውስጥ የተየብኩት ደብዳቤ ማንን እንዳስደሰተ ዛሬ ድረስ አላውቅም። እዚያ ግን ምስሉ ሲመጣ የሴቶቹን ፊት አይ ነበር።

የዲሽ ሱቅ እንክፈት የሚለው ሐሳብ የመጣው አንድ ዓርብ የእኛን ዲሽ ጨርሰን ጥላው ውስጥ ስናርፍ ነው። ጓደኛዬ ቁልፉን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች፣ «ቢሮ ምን አለ?» አለችኝ። «ማህተም አለ። አቧራ አለ። ጎረቤት ከተማ ባምባሲ ሴት ዲሽ ሠሪ የለም። እንሂድ። እኔ ላይ፣ አንተ ውስጥ። ወላሂ ይሆናል።»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። ክረምቱ እንዳለቀ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ መልቀቂያዋን እንድተይብላት ጠየቀችኝ። የቢሮው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይተይባል? ተየብኩ። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ እንደሞቀ አነሣችውና አነበበችው። ከዚያ በዝግታ፣ «ስሙን ቀይርና ሌላ አንድ አውጣ» አለችኝ። የኔን ስም ማለቷ ነው።

እናቴን ልጠይቅ አልኳት። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽኝ ልቤ ሄዷል፤ እግሬ ነው የቀረው። ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

«እኔ አንዴ ከነሥሬ ተነቅያለሁ፣ ልጄ፤» አለች። «መኪና ላይ ጭነው ሲያመጡኝ በእጄ የያዝኩት አልነበረም። አንቺ የያዝሽው አለሽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትባዪ።»

በዚህ አልፈርድባትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። በነጋታው ለጓደኛዬ «አሁን አይሆንም» አልኳት። «ኸይር» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። የተቆጣችም አትመስልም ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስትሰናበተን «እማማ ዲሽ ሲኮበልል ቁልፍ አይጥፋ» ብላ አሥራ ሦስት ቁጥሩን ቁልፍ ከእናቴ ትራስ አጠገብ አስቀምጣ ሄደች።

መጀመሪያ አካባቢ ከባምባሲ በየዓርቡ ትመጣልን ነበር። ከዚያ ሥራ በዛባት። ከዚያ መንገዱ አልጋ ባልጋ ሳይሆን ቀረ፤ ያለ አጀብ መኪና የማይወጣበት ወራት መጣ። ስልኳም አንድ ቀን «የደወሉላቸው ደንበኛ» ማለት ጀመረና በዚያው ቀረ።

እናቴ የተኛችው በፍልሰታ ጾም ነው። ዝናቡ ከነፋስ ጋር መጥቶ ዲሹን አዙሮታል፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ «ሲግናል የለም» ይላል። የፍልሰታን ቅዳሴ ሳትሰማ መዋል ለእሷ ከሕመሙ በለጠባት። ባለሙያ ላምጣ አልኳት። ከተማው ውስጥ ጎበዝ ልጆች ነበሩ፣ አሁንም አሉ፤ ስልካቸውን ዲሹ ላይ አስጠግተው ጩኸት ሳያሰሙ ጨርሰው ይወርዳሉ፤ ሪሲቨሩን ለማስተካከል ግን እነሱም መኝታ ቤት መግባታቸው አይቀርም።

«እንዲህ ሆኜ ወንድ መኝታዬ ድረስ አይገባም፤» አለችኝ። «ያቺን ልጅ ጥሪልኝ።»

ከየት ልጥራት? ራሴ ወጣሁ። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ በልቤ እየተሳብኩ ዲሹን ያዝኩት። «መጣ?» አልኩ። መልስ የለም። ትንሽ አዞርኩና ደግሜ ጠየቅሁ። እናቴ ከውስጥ ስክሪኑን ማየት አቅቷት እንደሆነ ወይም ድምፄ በዝናቡ ውስጥ ሳይደርሳት ቀርቶ እንደሆነ አላውቅም። ከላይ ሰው አለ፣ ከውስጥ የለም። ወረድኩና ልብሴ እየተንጠባጠበ አጠገቧ ተቀምጬ የማውቃትን ያህል ጸሎት በቃሌ ደገምኩላት፤ የማውቀው ጥቂት ነበር፤ እሷ ግን አሜን አሜን አለች። ጾሙ ሳይፈታ ሞተች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንደ እናቴ ያለች፣ ቤቷ ወንድ የማታስገባ፣ ከአልጋዋ የማትነሣ ሴት በየሰፈሩ አለች፤ ጓደኛዬ የጠራችኝ ለእነሱ ነበር። ይቆጨኛል። ደመወዜን በየወሩ ወስጃለሁ፣ ጡረታዬም አይቀርም፤ ግን ይቆጨኛል።

መንገዱ ሲከፈት ለመስክ ሥራ ባምባሲ ተላክን። ሹፌራችን ሻይ ካልጠጣሁ ሲል ወረድኩና ዲሽ የምትሠራ ሴት ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም በአንድ እጅ ጠቆመኝ። ከሱቋ በር ላይ ሆና አንድ ሪሲቨር ፈታ ትነፋ ነበር፤ አቧራው ፊቷ ላይ ነው። አየችኝ። የእጅ ጓንቷን እንዳጠለቀች ተነሥታ አቀፈችኝ፤ ላብና ብረት ብረት ትሸታለች። ውስጥ አንዲት ልጅ እግር ሴት ኬብል ትጠቀልላለች። «ይሄ ባልደረባዬ ነው፤ ከውስጥ የሚያይ እሱ ነው» አለችኝ። ደስ ይላል አልኳት።

«እማማ ደህና ነው?» አለችኝ። «ዲሹን አሁን ማን ያዞራል?»

ነገርኳት። ፍልሰታ ላይ መሆኑን፣ ስልኳን ማጣቴን፣ «ያቺን ልጅ ጥሪልኝ» ማለቷን። የእጅ ጓንቷን አወለቀች፣ ሻርፗን አውርዳ ፊቷን ሸፈነች፣ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ኬብሉን መጠቅለሏን ተወች። ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ሰማሁት፤ አልተነሣሁም።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሪሲቨር በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ሰላም ብሎ ሊያወጣው ሲል ጓደኛዬ ፊቷን ሳትገልጥ እጇን አነሣችለት።

«ዛሬ ሥራ የለም፣ አባባ፤» አለችው። «እናቴ ሞተ።»

ሽማግሌው ፌስታሉን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ከጎናችን ተቀመጠ።