ካርዱ እስኪወጣ

በሰፈሩ ሁሉም «ሾፌሩ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት እናቱ ናቸው። ሥራ የያዘ ሰሞን ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት «ድራይቨር ነው የምጽፈው» አላቸው። እሳቸው ቃሉን ለጎረቤት አስተረጎሙና «ልጄ ሾፌር ሆነ!» ብለው ለመንደሩ አዳረሱት። መኪና ሲነዳ ግን ማንም አላየውም። «በእግሩ የሚሄድ ሾፌር» እያሉ ሲስቁበት እሱም አብሮ ይስቃል።

ድርጅቱ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነበር፤ ላይ ሦስት ክፍሎች፣ ታች አንድ መጋዘን። በስክሪኑ ላይ ያለውን ሥዕል ሁሉ የሚሥለው ካርዱ ነው፤ ነገር ግን ከኮምፒውተሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጋር የሚያግባባው አስተርጓሚ ከሌለ ድዳ ነው። ድራይቨር የሚባለው ያ አስተርጓሚ ነው፤ የሚጽፈውም ሾፌሩ።

በዚያ ዓመት ድርጅቱ ያለ የሌለውን በአንድ አዲስ ካርድ ላይ አፈሰሰ። ካርዱ ብርሃንና ጥላን ከዚያ በፊት ባልታየ መንገድ ይሥላል። ይህን ችሎታውን ሊያዝዝ የሚችለው ግን አንድ ትልቅ ኩባንያ ሊያወጣው የተቃረበው አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ ነው። በአሮጌው ላይ ሲገጠም ካለፈው ዓመት ካርድ አይሻልም። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ቀን እንዲወጡ ተወሰነ፤ ማሸጊያ ካርቶኑ ታተመ፣ ካርዱም ተመርቶ መጋዘኑን እስከ ጣሪያው ሞላው።

የእናቱ ዓይን የታመመውም ያኔ ነው። የክሊኒኩ ሐኪም «የዓይን ግፊት ነው» አላቸው። «ጠብታው ለጊዜው ይይዝልዎታል። ትልቁ ሆስፒታል ሄደው ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆኑ ግን ዓይንዎ ይጠፋል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም።»

ሆስፒታሉ ሌላ ከተማ ነው። ቤት ውስጥ ልብስ የምትሰፋው ታላቅ እህቱ «እኔ እወስድሻለሁ» ብትል እናትየው እምቢ አሉ።

«አንቺ ሐኪም ፊት ታለቅሺብኛለሽ። ከልጄ ጋር ነው የምሄደው።»

«ካርዱ ይውጣና ፈቃድ እወስዳለሁ፣ እማዬ» አለ ሾፌሩ። «ደርሷል እኮ።»

አልደረሰም። አንድ ጠዋት አለቃው በሩ ላይ ቆሞ «ሲስተሙ ተራዝሟል» አለ። እስከ መቼ ቢሉት ትከሻውን ሰበቀ።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው በየጊዜው የሙከራ ቅጂ ይልካል። አዲስ ቅጂ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይለወጥና ትናንት ሲሠራ የነበረው ድራይቨር ዛሬ ስክሪኑን ድርግም አድርጎ ያጠቁረዋል። ሾፌሩ የገነባውን እያፈረሱበት እንደገና ይገነባል። ፈቃድ የሚባል ነገር ቀረ።

«ለምን በአሮጌው ሲስተም አንለቀውም?» ብሎ አለቃውን ጠየቀው። «አዲሱ ሲመጣ ድራይቨሩን አድሰን እንልክላቸዋለን።»

«ካለፈው ዓመቱ በምን ይለያል ብለው ቢጠይቁህ ምን ትላለህ? አንዴ ስማችን ከጠፋ ጠፋ ነው።»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ካርዱ መጋዘን ውስጥ ቀረ።

ቤት ሲገባ እናቱ «ያ የምትጠብቁት ሰውዬ ዛሬም አልመጣም?» ይሉታል።

«ሰው አይደለም እኮ እማዬ።»

«ምንም ይሁን። እንዲህ የሚያስጠብቅ እንግዳ ቢመጣም ደስ አይል።»

እናትየው ችግራቸውን መደበቅ ጀመሩ። ሻዩን ከስኒው ውጭ ይቀዱና እጄ ተንቀጠቀጠ ይላሉ። እህትየው ግን አልተሸወደችም። ሥራዋን ጥላ ቢሮው ድረስ ሄደች።

«በቀኟ በኩል ቆሜ አላየችኝም» አለችው፣ ደረጃው ላይ።

«ትንሽ ቀን ስጪኝ፣ እትዬ።»

«እኔ ነኝ የምሰጥህ? ዓይኗን ለምነው።»

ወዲያው ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ አለቃው ገባ። አለቃው ግን ሲስተሙ ለሁለተኛ ጊዜ መራዘሙን ገና እንደ ሰማ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «አሁን ብትሄድ ሙከራውን ማን ይይዘዋል? የሁላችንም እንጀራ አንተ እጅ ላይ ነው» አለው። ሾፌሩ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሲስተሙ በመጨረሻ ሲወጣ ካርዱም በዚያው ቀን ወጣ። ድራይቨሩ እንከን አልነበረበትም፤ ብርሃኑም ጥላውም እንደታሰበው ሆነ። ነገር ግን ሲስተሙ ሲራዘም አቅም ያለው ሌላ ድርጅት የራሱን የተሻለ ካርድ ሠርቶ ጨርሷል። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የዚያኛው ይፈጥናል፤ ዋጋው ያው ነው። ገና ሳይሸጥ ያረጀ ካርድ ማን ይገዛል? ከመጋዘን የወጣው ወደ መጋዘን ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ አለቃው ሠራተኞቹን ሰብስቦ «በርቱ» ብቻ አላቸው። ቢሮው ተዘጋ።

ሾፌሩ እናቱን ይዞ ሄደ። የሆስፒታሉ ሐኪም ዓይናቸውን ደጋግሞ ካየ በኋላ «ቀኙ አልፏል» አለ። «ግራው ላይ የቀረውን እናቆየው እንደሆን ነው።»

«ቀደም ብላ መጥታ ቢሆንስ?»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየውና መጻፉን ቀጠለ።

በመልስ ጉዞ አውቶቡሱ ውስጥ እናትየው «መልሱን የምታውቀውን ነገር ሰው ፊት ምን አስጠየቀህ?» አሉት።

አሁን ሾፌሩ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ጠጋኝ ሆኗል። እህቱ «በላህ?» ከማለት በቀር ብዙ አታናግረውም። የእናቱን የግራ ዓይን ጠብታ ጠዋትና ማታ የሚያደርግላቸው እሱ ነው። ባለፈው ጠዋት በር ላይ አስቀምጧቸው ሳለ አንዲት ጎረቤት «እንዴት አደሩ?» ብላ በቀኝ በኩል አለፈች። እናትየው ፊታቸውን በሚያዩበት በኩል፣ ወደ ግራ አዙረው፣ ፈገግ ብለው፣ ለባዶው መንገድ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ሾፌሩ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። አላረማቸውም።