ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ ፈተና መውደቄን ከተማችን ከሚሴ የሰማችው ከራሴ እኩል ነው። ውጤቱን ያየሁት ዋናው መንገድ ዳር ባለ ኢንተርኔት ቤት ነበር። ባለቤቱ የቀድሞ ተማሪዬ ስለሆነ ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ አብሮኝ አነበበ። «አብሽሪ ቲቸር፣ አይዞሽ» አለኝ። ሻይ ቤቱ ጋ ስደርስ የሻይ ቤቱ ሰውዬም አብሽሪ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሎኝ ነበር። ወጪዬን የሚችል ድርጅትም ተገኝቷል። የቀረው የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ ነው፤ ከእኛ አገር የሚሄድ ተማሪ ሁሉ አስተማሪም ቢሆን መፈተን አለበት። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማዳመጥና መናገር። ሦስቱን በደህና አለፍኩ፤ መናገሩን ወደቅኩ። ዩኒቨርሲቲው ባጭሩ ነው የመለሰልኝ። እስከ ክረምቱ አጋማሽ የተሻለ ውጤት ካመጣሽ ቦታሽ ይቆይሻል፣ ካላመጣሽ ለሌላ ይሰጣል አለኝ።

ሰውን የገረመው በመናገር መውደቄ ነው። የደላላ ልጅ ነኝ። አባቴ የሰንበቴና የጨፋ ሮቢት ገበያ የከብት ደላላ ነበሩ፤ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል ይናገራሉ፣ አፋርኛም ከብት ለማሻሻጥ የሚበቃቸውን ያህል ያውቃሉ። «ከብት ያለው ያግባሽ ወይስ አፍ ያለው?» ተብላ አፍ ያለውን የመረጠችው ሴት እናቴ ሳትሆን አትቀርም። አባቴ የሰው ከብት ሲያሻሽጡ ኖሩ እንጂ የራሳቸው የሚባል ከብት አልነበራቸውም። የእሳቸው ልጅ መናገር አቃታት ሲባል የሰው አገር ሰው እንኳ አያምንም።

የተፈተንኩት አዲስ አበባ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ፈታኟ ጠና ያለች ፈረንጅ ነበረች። ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ፤ ስሜን ጠየቀችኝ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም ሳልንተባተብ መለስኩ። ከዚያ አንድ ካርድ ሰጠችኝ። በአካባቢሽ ሰው ስለሚሰበሰብበት አንድ ቦታ ተናገሪ ይላል። ለማሰብ አንድ ደቂቃ ይሰጣል፣ ለመናገር ሁለት ደቂቃ። ስለ ሰንበቴ ገበያ ሁለት ደቂቃ አይደለም ሁለት ቀን ማውራት እችላለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ጀመርኩ። ገበያው በሳምንት አንድ ቀን ይቆማል አልኩ። አፋሮች ከቆላ ግመልና ፍየል ይዘው ይመጣሉ አልኩ። ደገኞች ደግሞ እህል ጭነው ይወርዳሉ አልኩና ቆምኩ።

ለምን ቆምሽ ብትሉኝ፣ ፈታኟ ዝም ብላ ታየኛለች። «ኤ» አላለችም፣ ራሷንም አልነቀነቀችም። የተሳሳትኩ መሰለኝና የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ደገምኩላት። አሁንም ዝም። በእጇ ቀጥይ የሚል ምልክት አሳየችኝ። ሁለት ቃል ተናገርኩና ፊቷን አየሁ። የተቀየመች መሰለኝ። «ትሰሚኛለሽ?» አልኳት በእንግሊዝኛ። ፈታኝ እንደማይጠየቅ አጥቼው አይደለም፤ ከአፌ አመለጠኝ። አልመለሰችልኝም። ሁለቱ ደቂቃ ሳይጋመስ ወሬዬ አለቀ፤ የቀረውን ጊዜ ቁጭ ብለን ተያየን። ጠረጴዛው ላይ ያለው መቅረጫ ያን ሁሉ ዝምታ ይቀዳ ነበር።

በእኛ አገር ወሬ ለብቻ አይያዝም። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። «ትናንት ጨፋ ወረድኩ» ይላል አንዱ። «ኤ» ይላል ሌላው። «ቦርከና ወንዝ ሞልቶ አገኘሁት።» «ኤ፣ ያረቢ።» «በላይኛው በኩል ዞሬ ተሻገርኩ።» «ኤ፣ ደግ አደረግህ።» ተቀባዩ «ኤ» ካላለ ሰጪው ወደሚቀጥለው አይሄድም። ይቺ «ኤ» ኦሮምኛ ትሁን አማርኛ የሚጠይቅ የለም፤ ሁለቱንም ስንናገር አብራን አለች። ክፍል ውስጥም ያው ነው። «ገባችሁ?» ስል ተማሪዎቼ ባንድ አፍ «የስ ቲቸር» ይላሉ። ገባቸውም አልገባቸውም ይላሉ፤ እኔም እሷን ተደግፌ ወደሚቀጥለው መስመር እሻገራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለብቻዬ ተናግሬ እንደማላውቅ ያወቅኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ከሚሴ ስመለስ ርእሰ መምህሩ «በመጻፍ አልፈሻል አይደል? እንግዲያ የምታወሪያቸውን በጽሑፍ አድርጊላቸው» አለኝ። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን በጣም ነው የተናደድኩት። አዲስ አበባ ሄደሽ ኮርስ ውሰጂ ያሉኝም ነበሩ። እኔን የጎደለኝ እንግሊዝኛ አልነበረም። የጎደለኝ ስናገር ዝም የሚለኝ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሚሴ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። መጀመሪያ ግድግዳ ሞከርኩ። ግድግዳ ፊት የለውም፣ ዝም ቢል ስለማይከፋኝ አላለማመደኝም። ከዚያ አባቴን ለመንኳቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ ግቢያችን ውስጥ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አቀረብኩላቸው።

«አባ፣ እኔ በእንግሊዝኛ አወራለሁ። እርስዎ ዝም ብለው ይሰሙኛል» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉ።

ጀመርኩ።

«ኤ» አሉ።

«አባ፣ ኤ አይበሉኝ።»

«ኤ፣ ረሳሁት።»

እንደገና ጀመርኩ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ግን ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር «ኤ» ይላሉ። «ኤ» ብከለክላቸው «ማሻአላህ» አሉ። «ማሻአላህ»ን ብከለክላቸው በምላሳቸው ጠቅ ያደርጋሉ። በመጨረሻ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ጠየቁኝ።

«ይቺ ፈታኝሽ ምን ሆና ነው ዝም የምትለው?»

«ደንቡ ነው።»

«ልጄ፣ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ሁለት ነው። ወይ የተቀየመሽ ነው፣ ወይ ሊያስርሽ የመጣ ነው። ይቺ ከየትኛው ናት?»

«ነጥብ ሰጪ ናት።»

«እንግዲያ ሊያስር ከመጣው ጋ ናት» አሉ።

«ዝም አይነቅዝም ይባል የለ እንዴ አባ?» አልኳቸው።

«አይነቅዝም። ግን ከብት አይሸጥም።»

በነጋታው ራሳቸው መላ ይዘው መጡ። መላው መፋቂያ ነው፤ ጥርስ የሚፋቅበት፣ ወፈር ያለ የእንጨት መፋቂያ። እሱን ነክሰው ተቀመጡ፤ አፋቸው ተያዘ። «በይ» አሉኝ በእጃቸው።

ጀመርኩ። አባቴ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል፣ መፋቂያውን ነክሰዋል፣ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ጥቂት አረፍተ ነገር እንዳልኩ አቆምኩ። ሳወራቸው ዝም ብለውኝ አያውቁም። ሳጠፋ ይቆጡኛል፣ ይጮሁብኛል፤ ዝም ግን ብለውኝ አያውቁም። ከፋኝ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ዝም በሉኝ ብዬ የለመንኩትም ራሴ ነኝ፤ ይህን ሁሉ እያወቅኩ እንባዬ መጣ። አባቴ መፋቂያውን አወጡ።

«ልተወው?»

«አይተዉት።»

መልሰው ነከሱት።

ገበያ የማይወርዱበት ቀን ሁሉ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አየችን። እኔ እጄን እያወናጨፍኩ እለፈልፋለሁ፣ አባቴ እንጨት ነክሰው ያዩኛል። ቀጥታ ወደ እናቴ ሄዳ «አባትና ልጅን ምን አጣላቸው?» አለቻት። እናቴ ልምምድ ነው ብላ ብታስረዳትም አላመነችም፤ በማግስቱ ልታስታርቀን አንድ ሽማግሌ ይዛ መጣች። አባቴ ሽማግሌውን አስቀምጠው ነገሩን ሲያስረዱ አመሹ። ሽማግሌውም በየመሃሉ «ኤ» እያሉ ሰሟቸው። በዚያ ቀን ያለ ልምምድ ቀረሁ።

ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት። መጀመሪያ የአባቴን ፊት ማየት ተውኩና የኮፍያቸውን ጠርዝ ማየት ጀመርኩ። ለጥቂት ጊዜ በሐሳቤ «ኤ» የሚለኝ ሰው አስቀምጬ ነበር፤ በኋላ እሱንም ተውኩት። አንድ ቀን እያወራሁ አባቴ እጃቸውን አነሱ። ለካ ሁለቱ ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል። መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ።

«በቃ፣ ቻልሽ» አሉ። «አሁን ሰው አያስፈልግሽም።»

ምርቃት መስሎኝ አሚን አልኩ።

በሁለተኛው ፈተና ላይ ፈታኙ ወንድ ነበር። ካርዱ አንድ ነገር ያስተማረሽን ሰው ግለጪ ይላል። አባቴን ገለጽኩ። ከብት ሲያሻሽጡ ሻጩንና ገዢውን እንዴት እንደሚሰሙ ተናገርኩ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ምን እንደሚል ተናገርኩ። ሁለቱ ደቂቃ ሞልቶ ፈታኙ ራሱ አስቆመኝ። መልኩን አላስታውስም፤ አላየሁትም።

የሚፈለገውን ውጤት አመጣሁ። ከሚሴ ይህንንም ወዲያው ሰማች። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ አብሽሪ ሲል የሰነበተው እሱ ስለሆነ ያለፍኩት በእሱ ነው ብሎ አወራ። ልሄድ ስል ሽማግሌዎች ግቢያችን ተሰብስበው ዱዓ አደረጉልኝ። በሰላም ሂጂ ሲሉ አሚን፣ በሰላም ተመለሺ ሲሉ አሚን። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የአባቴ አሚን ነበር።

እንግሊዝ አገር አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። በመጀመሪያው ሰሞን ሰው ሲያወራኝ «ኤ» ስል ተናጋሪው ቆም ይልና «ልትናገሪ ነው?» ይለኛል። አቋረጥኩት ማለት ነው። አንዳንዱ ፊቱን ያኮሳትራል። ይህንንም ተማርኩ፤ ካለፈው ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር። ዓመት ሳይሞላኝ ሰው ሲያወራኝ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ድምፅ ሳላሰማ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። አንድ መምህሬ ጥሩ አዳማጭ ነሽ አለኝ። ደስ አለኝ፤ የደላላ ልጅ በማዳመጥ ተመሰገነች ብዬ ለራሴ ሳቅኩ።

አባቴ በታናሽ ወንድሜ ሞባይል አልፎ አልፎ ይደውሉ ነበር። ስልኩ ውድ ስለሆነ ሰላም ነሽ፣ ሰላም ነን ተባብለን እንዘጋለን። ሰላምታ ጥያቄና መልስ ስለሆነ እንከን አልነበረበትም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ሳለሁ ደወሉ። ፈጥኜ ወጣሁና ደረጃው አጠገብ ቆምኩ። ከሰላምታው በኋላ አልዘጉም። ወሬ ነበራቸው።

«ሰንበቴ መውረድ ተውኩ» አሉ። ቆም አሉ።

ደነገጥኩ። አባቴ ሰንበቴ ሳይወርዱ የቀሩበትን ሳምንት አላውቅም። አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አሉ። ቆም አሉ።

የሚቀጥለውን ጠበቅኩ።

«ሐኪሙም...» አሉና ቆሙ። ድምፃቸው ከስልኩ ራቅ አለ። ለእናቴ «ሂን ጅርቱ» ሲሏት ሰማሁ። በኦሮምኛ፣ የለችም ማለታቸው ነው። ስልኩ ተዘጋ።

መልሼ ደወልኩ።

«ኔትወርኩ ነው» አሉ።

«አይደለም አባ። አለሁ። እየሰማሁ ነበር።»

ዝም አሉ። አባቴ መፋቂያ ሳይነክሱ ዝም ሲሉኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ተቀይመሽኛል እንዴ ልጄ?»

«ኧረ አልተቀየምኩም አባ። እየሰማሁዎት ነበር እኮ።»

«ስትሰሚ አልሰማሁሽማ» አሉ።

ወሬውን ከመጀመሪያው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«ሰንበቴ መውረድ ተውኩ» አሉ።

«ኤ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች ዞረው አዩኝ።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

«ኤ፣ አባ።»

«ሐኪሙም ከእንግዲህ ሩቅ መንገድ ይቅርብዎ አለኝ።»

«ኤ» አልኩ። አባቴም ቀጠሉ።