ገመዱን ይዘን የቆምንበት እሑድ

እኔ እግሬ ወደ መራኝ የምሄድ ሰው ነኝ። ጠዋት ከቀበና እነሣለሁ፣ ዳገቱን ይዤ ባሕር ዛፉ መሃል እገባለሁ፣ እንጦጦ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ቁጭ ብዬ ቁልቁል ከተማውን አያለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ የት ነበርሽ?» ሲሉኝ እውነቱን ነው የምነግራቸው፦ «እንጃ፣ ስሄድ ነበር።» ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት የልጅ ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ስለዚህ፣ ስለ መሪነት ሰው በአዳራሽ ተቀምጦ ምን እንደሚማር አላውቅም። የማውቀው ገመድ ይዤ ያየሁትን ነው። እሱም ዛሬ ድረስ ይደንቀኛል።

አንድ ቀን ከዳገቱ ስወርድ የሰፈራችን ሴቶች ሜዳው ላይ ወፍራም ገመድ ለሁለት ወገን ይዘው ሲጓተቱ አገኘኋቸው። ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ግማሾቹ ይወድቃሉ።

«ምን ጉድ ነው?» አልኳቸው።

«እማማ! ደግ ሰዓት መጡ» አለች ባለሱቋ ጎረቤቴ። ሱቋ ውስጥ ሆና ስታወራ ድልድዩ ጋ የቆመ ሰው የሚሰማት ሴት ናት። «የወረዳው የስፖርት ቀን ደርሷል። ከወሰን ሰፈር ሴቶች ጋር ገመድ ጉተታ ልንገጥም ነው፤ ያሸነፈ ሙክት ይወስዳል። እስቲ ይመርቁን!»

መረቅኳቸው። ልሄድ ስል ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አየኋት። የባለሱቋ ተከራይ ናት፤ መገናኛ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ቤቱ ካደረበት መንገድ ያደረበት ይበዛል። የእናቷ አገር ሩቅ ነው፤ እናቷም ጤና የላትም። በተማሪነቷ መረብ ኳስ ትጫወት ስለነበር ሴቶቹን ለዚህ ጨዋታ ያሰባሰበቻቸው እሷ ነበረች። አሁን ግን ሆዷ ገፍቶ ከገመዱ ወጥታለች።

ባለሱቋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ሙክቱ ለእሷ ነው። አደራ፣ እንዳይነግሯት! ስትወልድ ማን ያርሳታል? አዋጥተን እንግዛልሽ ብንላት አትቀበልም፣ ኩራቷን አያውቁትም። ተጫውተን ካገኘነው ግን ድርሻሽ ነው እንላታለን። ምን ትመልሳለች?»

«ታዲያ አሸንፉ!»

«ሰው ጎደለን እኮ። የእሷ ቦታ ባዶ ነው።»

ዱላዬን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ። «እኔስ?»

በሳቅ ፈረሱ። «እማማ፣ ይሰበሩብናል!»

«እንጦጦ ያልሰበረውን እግር ገመድ ይሰብረዋል?» ብዬ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ከሰልፉ ጭራ ልቆም ሄድኩ። ያኔ ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹ። «ኧረ ነውር ነው! እርስዎ ከኋላ? ይቅደሙ እንጂ!» ክንዴን ይዘው ወስደው ከፊት አቆሙኝ። ከፊት የቆመ ደግሞ ጠሪ ነው፤ እሱ «ሳቡ!» ሲል ሌላው ይስባል። መሪ የሆንኩት እንዲህ ነው። ዕድሜዬ መረጠኝ።

ስንለማመድ ሰነበትን። «እማማ፣ ድምፅዎ ልብ ይሞላል» ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። ጠዋት ዳገቱን ስወጣ ብቻዬን «ሳቡ!» እያልኩ ባሕር ዛፉ ላይ እጮህ ነበር። ቅጠል የሚጠርጉት ሴቶች ቀና ብለው ያዩኛል፤ አበደች ሳይሉ አይቀሩም።

ቀኑ እሑድ ነበር። የወሰን ሴቶች በሚኒባስ እየጨፈሩ መጡ። ከፊታቸው አንዲት ቁመቷ ዛፍ የሚያህል ሴት አለች፣ ጋራዥ ያላት ናት ይላሉ። እኔን ስታይ ሳቀች። «እናንት ቀበናዎች! አያታችሁን እቤት የሚጠብቅላችሁ አጣችሁ?»

«እሳቸው ናቸው የሚጎትቱሽ!» አለች ባለሱቋ። «ጫማሽን ጥለሽልን ነው የምትሄጂው።»

ሙክቱ ባሕር ዛፍ ሥር ታስሮ ያመነዥካል፣ የኛ ነገር ደንታም አልሰጠው። መሬቱ ላይ በኖራ መስመር ተሠምሯል፣ ገመዱ መሃል ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን የጎተተ ያሸንፋል። ፊሽካው ተነፋ። «ሳቡ!» አልኩ። «ሳቡ!» ሁለተኛውን ሳልጨርስ ኖራውን አልፌ በጉልበቴ ሣሩ ላይ ነበርኩ።

አነሡኝ፣ አራገፉኝ። «መሬቱ ነው ያዳለጠን» አለች አንዷ። «የገመዱ ያኛው ወገን ይቀላል» አለች ሌላዋ። «ፊሽካው ፈጠነ!» መሬቱም፣ ገመዱም፣ ፊሽካውም ተወቀሰ። እኔን የነካኝ የለም። ዞር ስል ተከራይዋ ድንጋዩ ላይ አቀርቅራ ሣር ትነጫለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ምን ታየሽ?»

«ምንም፣ እማማ።»

«በሞቴ ንገሪኝ።»

የነጨችውን ሣር ጣለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ከመጥራትዎ በፊት ትንፋሽ ይስባሉ። ትከሻዎ ከፍ ይላል። ያቺ ረጅሟ ገመዱን አይደለም የምታየው፣ ትከሻዎን ነው። ከፍ ሲል ቀድማ ትስባለች» አለችኝ።

«ልምምድ ላይም አይተሽው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ደንግጣ አየችኝ። «እንዴት ብዬ እማማ? እርስዎን?»

እውነት እላችኋለሁ፣ ከወደቅኩት ይልቅ ይህ ነው ያመመኝ። ክብር መስሎኝ ከፊት ቆሜ፣ ክብሬ የስምንት ሴት አፍ ዘግቶ ነበር። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ የሚያዩትን እኔ ብቻ አላየሁትም፤ የምትነግረኝ ደግሞ አልነበረችም። ስንት ዓመት በቤቴም በማኅበሬም ሰው እሺ ሲለኝ ልክ ነኝ ብዬ ኖሬ ይሆን? ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረም፣ ፊሽካ የያዘው ሰውዬ እየተጣራ ነው።

«ተነሺ፣ አንቺ ጥሪ» አልኳት።

«እንዴ! እኔ?»

«ትጥራ!» አለች ባለሱቋ። «ብቻ አደራሽን ጮኸሽ እዚህ እንዳትወልጂብን!»

ባለሱቋን ከፊት አቆምኳት፣ እኔ ከጀርባዋ ገባሁ። ረጅሟ ትከሻ ስትፈልግ ተከራይዋ ከዳር ጮኸች። «ሳቡ!... ሳቡ!... እማማ፣ ዝቅ ይበሉ!... ሳቡ!... እማማ ዝቅ በይ!»

ዝቅ አልኩ። ይህን ያህል ዘመን ስኖር በሰው ፊት አንቺ ብሎ ያዘዘኝ ከእናቴ በኋላ አላስታውስም። ሳላስበው ሳቅ መጣብኝ። እየሳቅኩ ሳብኩ፣ ቀዩ ጨርቅም ወደኛ መጣ። አንድ እኩል ሆንን።

«ይቅርታ እማማ፣ አንቺ አልኩዎት» አለችኝ ሮጣ መጥታ።

«ሲያስፈልግ ድገሚው!»

ለሦስተኛው ሰበሰበችን። «አሁን ድምፄን ለይተውታል፣ አልጠራም» አለች። «እጄ እስከተዘረጋ ድረስ መያዝ ብቻ ነው። አንድ ስንዝር አትስቡ። እጄ ሲወርድ ያላችሁን ሁሉ ስጡ።» ከዚያ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ቀስ እያለች ሄደችና ከወሰን ሴቶች ጀርባ ቆመች። እነሱ አያዩዋትም፤ ከኛ ከፊት ያለችው ታያታለች። እኔ ግን አላያትም። ከፊቴ ያለው የባለሱቋ ጀርባ ነው።

ፊሽካው ተነፋ። ያዝን።

ይህን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ገመዱ እጄ ውስጥ እንደ ሕይወት ያለው ነገር ይንቀጠቀጣል። የባለሱቋ ትንፋሽ፣ ከኋላዬ ያለችው ትንፋሽ፣ የኔም፣ በገመዱ ውስጥ ሲመላለስ ይሰማኛል። እጄ ተላጠ። ሳቢ ሳቢ ይለኛል። የወሰን ሴቶች ይጮኻሉ፣ ይስባሉ፣ ያርፋሉ፣ ይስባሉ። ተመልካቹ እንኳ ጸጥ አለ፤ ከታች አስፋልቱ ላይ የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ይሰማኛል። እጇ ተዘርግቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የባለሱቋ ጀርባ አልተነቃነቀም፣ ስለዚህ ተዘርግቷል። ይኸው ነው፤ በማላያት ልጅ እጅ ላይ ሙሉ ክብደቴን ጥዬ ቆሜያለሁ። ስምንት ሴቶች እንዲሁ። ያንን ዝምታ ያዘዘችው ደግሞ ከሁላችን የምታንሰው፣ ሙክቱ ለማን እንደሆነ እንኳ የማታውቀው ናት። እኔ መምራት ሰውን ማስነሣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጉልበት ያለውን ሰው፣ አሁን አይደለም ብሎ ማቆየት መቻል እንዴት ያለ ነገር ነው!

ረጅሟ ጭንቅላቷን ወደ ላይ አድርጋ አየር ፈለገች። የባለሱቋ ጀርባ ወረደ። እኔም ወረድኩ። ከዚያ ማን እንደሳበ አላውቅም፣ ብቻ ገመዱ መጣ፣ እነሱም ከገመዱ ጋር መጡ፣ ሁላችንም በጀርባችን ሰማይ እያየን ተዘረርን።

ረጅሟ አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ እያነከሰች መጥታ ዱላዬን አቀበለችኝ። «እማማ፣ ለከርሞ ለኛ ይጫወቱ» አለችኝ።

ባለሱቋ የሙክቱን ማሰሪያ ፈትታ ለተከራይዋ ዘረጋችላት። «እንኪ፣ ያንቺ ነው። ለአራስነትሽ።»

«የኔ? እኔ እኮ አንድ ጊዜም አልሳብኩም!»

«እሱን ለሙክቱ ንገሪው» አልኳት። ማሰሪያውን እንደያዘች ወደኔ ተጠግታ፣ ነጠላዬን ከወገቤ ፈትታ ፊቷን ሸፈነችበት። ሴቶቹ ወደ ተራራው ዞረው የማያዩ መሰሉ።

ሴት ልጅ ወለደች። ልጠይቃት ስገባ ጠባቧ ክፍል በሴት ሞልታለች። ሾርባው እየፈላ ነው፣ ሁሉም በየአፉ ይመክራል፣ እንዲህ እቀፊያት፣ እንዲያ አልብሻት፤ ሕፃኗም ታለቅሳለች። «ዝም በሉ፣ እማማ ይመርቁ!» አለች ባለሱቋ፣ ከሁሉም በላይ እየጮኸች። ልመርቅ አፌን ስከፍት አራሷን አየኋት። ትራሷን ተደግፋ አንድ እጇን ዘርግታለች።

አፌን ዘጋሁ። ሁሉም ዘጋ። እጇ ሳይወርድ፣ ቤቱ ጸጥ እንዳለ፣ የሕፃኗ ለቅሶ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ወደ ሕፃኗ መዳፍ አስጠጋሁ። ያዘችኝ። እኔም የእናቷ እጅ እስኪወርድ ድረስ ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ።