ተመልሶ የመጣው ቀይ ዶሮ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ያረደውን ዶሮ ምራቴ በፈላ ውሃ ነክራ ስትነጭ፣ ያ የራሰ ላባ ሽታ እደጅ ከተቀመጥሁበት ድረስ መጥቶ አፍንጫዬን በጋቢዬ አስያዘኝ። ዶሮው ስድስት ሴት ዶሮዎች ይዞ እዚሁ ቆሰበር ከጓሯችን የሚኖር፣ የልጅ እግር እየተከተለ የሚነቁር ነበር። እኔ እንኳ መክሬያት ነበር፤ ሲመጣብሽ አትሽሺ፣ ከላይ አፈፍ አድርገሽ ክንፉን ከብብትሽ ስር ይዘሽ ሥራሽን እየሠራሽ ዙሪ፣ ሲደክመው ትዕቢቱ ይበርድለታል ብዬ። ሁለት ቀን ሞከረችና «አባባ፣ ይኼን እንኳ ከድስት በቀር የሚያስተካክለው የለም» አለችኝ። ድስት ስትል የልጅነቴ ቀይ ዶሮ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነበር። አንድ ክረምት ታናሽ እህቴን አለሚቱን ትኩሳት ያዛትና እህል ውሃ አልወርድ አላት። ጠበሉም ተሞከረ። በኋላ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ቀይ አውራ ዶሮ አስመጥተው፣ በአዊኛ እያጉተመተሙ ሰባት ጊዜ በራሷ ዙሪያ አዞሩት። ጭዳ መሆኑ ነው። በሽታው ወደሱ አልፏልና ከመስቀለኛው መንገድ ማዶ ይጣል፣ ከዚህ ቤት ማንም እንዳይቀምሰው አሉ። ጣዩ እኔ ሆንሁ። ገና ብብቴ ስር ሳደርገው ትኩስ አረንጓዴ ኩሱን ክንዴ ላይ ለቀቀው፤ የእህቴ በሽታ ራሱ የፈሰሰብኝ መስሎኝ ተንገሸገሽሁና ከቀርቀሃው አጥር ጀርባ፣ ከቤታችን ብዙም ሳልርቅ፣ ወርውሬው ተመለስሁ። እናቴ «መስቀለኛው ድረስ አደረስኸው?» ስትለኝ «አዎ» አልኋት።

በማግስቱ አለሚቱ ተነሥታ ቆሎ ጠየቀች። ዶሮውም አጥራችን ላይ ቆሞ ጮኸ።

ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን መጣ ብላ እናቴ ስለፈራችው ደፍሮ የሚነካው ጠፋ፤ እሱም ይህን ያወቀ ይመስል ግቢውን ወረሰ። ሴት ዶሮዎቹን ጀርባቸው እስኪላጥ ይረግጣቸዋል፣ ቁስላቸውን መልሶ ይቆነጥራል፣ እንቁላል ሰብሮ ይጠጣና አስኳሉ ከምንቃሩ እየተዝረበረበ ሰው ላይ ይዘላል። እናቴ ከማድቤት የምትወጣው ሰፌድ እንደ ጋሻ ይዛ ነበር። የተረፈውንም እንቁላል፣ በሽታ ነው ብላ፣ ገደል ትሰደዋለች።

በዐቢይ ጾም የነፍስ አባታችን ሊጠይቁን መጡና ገና ከደጅ ሲገቡ ዘሎ ጥምጥማቸው ላይ ወጣ፤ የወረደውም ነጩን ጥምጥም አርክሶ ነው። እሳቸው ጭዳ ሲባል የሚቆጡ ሰው ናቸውና የዶሮውን ነገር ማን ይንገራቸው? ጥላቸውን እየሰበቁ «ለዳግማይ ትንሣኤ እናንተ ዘንድ ነኝ፤ ይህን ወስላታ ግን ድስት ውስጥ ነው የማየው» አሉ። እናቴ «እሺ አባቴ» ከማለት ሌላ ምን አላት። ቀኑ ሲደርስ ሌላ ዶሮ አዘጋጅታ ጠበቀች። እሳቸው ግን ከቅዳሴ በቀጥታ መጥተው «የታለ ያ ወስላታ?» ብለው ደጅ ተቀመጡ፣ አባቴ ሲያርደውም በዓይናቸው አዩ።

እናቴ ሥጋውን በጨውና በሎሚ ስንት ጊዜ እንዳጠበችው እንጃ። ወጡ ሲቀርብ ቤተ ሰቡ ሁሉ እንጀራውን በደረቁ ይቆነጥራል፣ እሳቸው ብቻ ጣታቸውን እየላሱ ይበላሉ። ኋላ ፈረሰኛውን ቦጨቁና «ነይ አለሚቱ፣ ጠበሉ ያዳነሽ ልጄ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የነፍስ አባት ጉርሻ አይመለስም። የእናቴ ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። እኔ መስቀለኛው መንገድ ድረስ ባደርሰው ኖሮ ይህ ጉርሻ ባልኖረ፤ «አባ፣ ተዉ» ብል ውሸቴ የሚወጣ መሰለኝና አፌን በደረቅ እንጀራ ሞላሁት። አለሚቱ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ከንፈሯን ልሳ «ጨምሩልኝ አባ» አለች።

ሰኔ እስኪገባ ድረስ ጠዋት ጠዋት ግንባሯን እየዳሰስሁ ትኩሳቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። አድጋ ዳንግላ ተዳረች፣ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች። በየበዓሉ ስንገናኝ ዶሮ እንደማልነካ እያየች «ወይ ጋሼ፣ በሽታዬ እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰለህ» እያለች እስክታነባ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ዋሽቼ እንደነበር ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኋት። አምና ክረምት ዓረፈች።

ቅድም ምራቴ ጠቅልላ «አባባ፣ አንዲት ለእኔ ሲሉ» ብላ እጇን ዘረጋች። አፌን በጋቢዬ ሸፈንሁ። «ሆዱ አይችልለትም» አለ ልጄ፤ የምክንያቱን ግማሽ የምታውቀዋ፣ የምትስቅብኝም አለሚቱ ነበረች። እሷ ያኔ ላመጥ ላመጥ አድርጋ የዋጠችው ጉርሻ ከእኔ ጉሮሮ ዛሬም አልወረደም።