የፍሪጁ ገመድ

ይህን ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ከዚህ እንጀምር።

ከአሶሳ ወጣ ባለች ቀበሌ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ነኝ። የምነግራችሁ ነገር ሲሆንም እዚያው ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ በአካባቢው የሚሠራ ሶኬት አንድ ብቻ ነበር፤ የመድኃኒቱ ፍሪጅ የተሰካበት የሶላር ሶኬት። ሰው ሁሉ ሞባይሉን ይዞ ወደ መስኮቴ ይመጣል። "ዶክተር፣ ትንሽ ብቻ" ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ መባሉን ግን እወደው ነበር። መጀመሪያ እምቢ አልኩ። በኋላ ለአንዱ እሺ አልኩ፣ ከዚያ ለሁሉም። ሶላሩ ሁለቱንም ስለማይችል የፍሪጁን ገመድ እየነቀልኩ ስልኮቹን እሰካ ነበር። እኔ ነቀልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

አንድ አርብ ስልኮቹን ለባለቤቶቻቸው መልሼ፣ በሩን ቆልፌ ቤተሰቦቼ ጋ ባምባሲ ሄድኩ። ሰኞ ስከፍት ገመዱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ሚያዝያ ነው፤ ቆርቆሮው ስር ያለው ክፍል ያቃጥላል። ፍሪጁ ውስጥ የነበረው፣ የወለደች ሴት ደም እንዳይፈሳት የሚሰጠው መርፌ ነው። ብልቃጡን ብነካው ሞቋል።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። መድኃኒቱን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ለአለቃዬ መናገር፣ ሌላ እንዲላክ መጠየቅ። ግን "ለምን ሞቀ?" መባሉ አይቀርም። ደግሞ የጠየቅነው መድኃኒት ቶሎ አይመጣም፤ እስኪመጣ እናቶች ያለ መርፌ ሊወልዱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ውሸቴን ነው። የፈራሁት ለእናቶች ሳይሆን ለእንጀራዬ ነው። ገመዱን መልሼ ሰካሁት። እስከ ማታ ብልቃጦቹ ቀዘቀዙ፤ ሞቀው እንደነበር የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ደሙ አልቆም አለ። አዋላጇ ሲስተር አስቴር እየሮጠች መስኮቴ ጋ መጣች።

"ይሄ መርፌ ደህና ነው? እምቢ አለኝ እኮ።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። "አሁን ከፍሪጅ ነው ያወጣሁት" አልኳት። እውነት ነበር። እሷም አምናኝ ደገመችው፤ ይሠራል ብላ ጠበቀች። እኔ መኪና ፍለጋ ሮጥኩ። አሶሳ ስትደርስ ሐኪሞቹ ነፍሷን ለማትረፍ ማህፀኗን አወጡት። አስቴር "ዘግይተሽ ነው የላክሻት" ተባለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። የቀሩትን ብልቃጦች ተሰበሩ ብዬ ቀበርኳቸው።

መርፌውን ያበላሸው ሙቀቱ ነው? ወይስ ደሙ በምንም አይቆምም ነበር? አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግኩትም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አለማወቄን ምክንያት አላደርገውም።

ባሏ አብዱራሂም የማንጎ ወቅት በመጣ ቁጥር በፌስታል ሞልቶ ያመጣልኛል። "አንተ ባይሮጥ ሐዋ ሞቶ ነበር፤ አላህ ይስጥህ" ይለኛል በተሰባበረ አማርኛው። እቀበለዋለሁ። እበላዋለሁም፤ ይጣፍጣል። ይህን መናገር ከሁሉ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ሳምንት ግን ሐዋ ራሷ መጣች። የባሏ ዘመዶች ሌላ ሚስት አግባ እያሉት ነው። ልጇን በእጇ ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች።

"ዶክተር፣ ያ ደም ለምን እምቢ አለ? እኔ ምን አጠፋ?"

"የአላህ ሥራ ነው" አልኳት።

እኔ የነቀልኩትን ገመድ በአላህ አሳበብኩ። እሷም "አልሃምዱሊላህ" ብላ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

አሁንም ፍሪጁ ከኋላዬ ነው። ድምፁ ዝም ባለ ቁጥር ተነስቼ ገመዱን በእጄ እነካለሁ። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሐዋ በመስኮቴ በኩል ታልፋለች። ጠርቼ ስለ ገመዱ ልነግራት አስቤያለሁ። አብዱራሂም ምን ያደርገኛል? ሥራዬስ? ልጆቼስ? እፈራለሁ። ያኔም እንዲሁ ፈርቼ ነበር፤ የፍርሃቴን ዕዳ የከፈለችው ግን እሷ ናት።