«ገና ናት» ያልኩ ቀን

ልጄ ሶፍትቦል ልጫወት ስትለኝ መጀመሪያ የገረመኝ ዱላ ይዞ ኳስ መጠበቅ ጨዋታ መባሉ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የጠዋት ፈረቃዬን እጨርስና፣ የጥበቃ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር፣ ሪድበርግ ካለው ቤታችን ይዣት ወደ መለማመጃው እሄዳለሁ። ቦታው ረጅም የመረብ ዋሻ ነው፤ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ማሽን ኳስ ይወረውራል፣ ከወዲህኛው ልጄ ሄልሜቷን አጥልቃ ትመታለች። እኔ ከመረቡ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ እያንጎላጀሁ አያለሁ።

ስትመታ ደግሞ ትችልበታለች። ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ፣ ኳሱ ዱላዋ ላይ ጧ ሲል እንቅልፌ ይጠፋና ደረቴ ይነፋል።

አንድ ቅዳሜ አሰልጣኟ፣ ቀልድ የማታውቅ ግን ደግ ጀርመናዊት፣ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጅሽ ጥሩ ትመታለች አለችኝ። ከሌላ ከተማ ቡድኖች ጋር ለሚደረገው ውድድር ልትወስዳት አስባለች፤ እናቷ ነሽና ዝግጁ ናት ትያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ እኔ ባደግኩበት ቤት ልጁን በሰው ፊት የሚያሞግስ ወላጅ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ልጅሽ ጎበዝ ናት ሲሉሽ «ኧረ ምኑን፣ ሰነፍ ናት» ትያለሽ፤ ያኛው ደግሞ «በስመአብ፣ እንዲህ አትበይ» ብሎ ምስጋናውን እጥፍ ያደርገዋል። ወጉ ይኸው ነው። እኔም አፌ እንደለመደው፣ በጀርመንኛ፣ «ኧረ ገና ናት፤ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እንኳ ከእጇ ይወድቃል» አልኩና ፈገግ ብዬ እስክትከራከረኝ ጠበቅኩ።

አልተከራከረችኝም። ስለ ግልጽነቴ አመስግናኝ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያኔውኑ ማረም እችል ነበር፤ ግን የገዛ ልጄን ማሞገስ አሳፈረኝ።

በሳምንቱ የተመረጡት ልጆች ዝርዝር ወጣ፤ ልጄ የለችበትም። ለምን ብላ ስትጠይቅ አሰልጣኟ እናትሽ እንዲህ ብላኛለች ብላ እቅጩን ነገረቻት። ወደ ቤት ስንመለስ ኡ-ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ልማዷ በጀርመንኛ፣ «ማማ፣ ገና ናት ብለሻታል?» አለችኝ።

ብያለሁ አልኳት። ወጋችን ነው፣ ትሕትና ነው፣ እናቴም እኔን እንዲህ ነበር የምትለኝ እያልኩ ለፈለፍኩ። አስጨርሳኝ፣ «እሺ፣ እዚያ በሰው ፊት ነበር» አለች። «ቤት ውስጥስ? ለእኔ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

ነግሬያት አላውቅም።

በማግስቱ ለአሰልጣኟ ደውዬ ልጄ ጎበዝ እንደሆነች፣ ያልኩት ሁሉ ስህተት እንደነበር ነገርኳት። በትሕትና አዳመጠችኝ፤ ዝርዝሩ ግን ተልኳል፣ መለወጥ አይቻልም አለች። ሳምንቱን ሙሉ የመንገደኛ ሻንጣ እየፈተሽኩ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ።

ጓደኞቿ ለውድድሩ በሄዱበት ቅዳሜ ቤት ትቀራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዱላዋን አንስታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መለማመጃው ባዶ ነበር። ማሽኑን ራሷ አስነሳችና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች ሳተች፤ ሦስተኛውን ስትመታው የዳር መረቡ ተንቀጠቀጠ። ከወንበሬ ተነስቼ፣ «ጎበዝ! ጎበዝ ነሽ፣ የኔ ልጅ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ቀጣዩን ኳስ አሳለፈችው። ሄልሜቷን አውልቃ ወደ መረቡ ቀረበች።

«እውነት ነው?» አለችኝ፣ በአማርኛ። «ወይስ ስላጠፋሽ ነው?»

እውነት ነው አልኳት። እውነትም ነበር። ፊቴን ለአፍታ አየችና ሄልሜቷን መልሳ አጠለቀች፤ እንዳላመነችኝ አወቅኩ።